የትርንጎ ወስፌ

መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ ደጅ እየወጡ ያማርራሉ። እኔ ኩራዜን ለኩሼ እቀመጣለሁ። ቤቴ ሽቦ እንዲገባ አልፈቀድኩም። «ሽማግሌው አመሉ ነው» ይሉኛል፤ ይበሉ! ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ በሰፈረበት ዘመን የደረሰብኝን ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ግን ቀኝ እጄን ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል። እጄን ሳላይ የምውልበት ቀን ደግሞ የለም።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከጋሳይ ወዲህ ባለች መንደር ጥንድ በሬ ጠምጄ አርሳለሁ። ትርንጎ የምትባል ሚስት አለችኝ፤ ድክ ድክ ማለት የጀመረች ሴት ልጅም ነበረችን። አንድ ቅዳሜ ገብስ ጭኜ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ። ጭነቱን ሳላራግፍ የጣልያን ወታደሮች ገበያውን ከበቡና ጉልበት ያለውን ወንድ እየለዩ ነዱን። አህያዬ እንደ ቆመች ቀረች።

ምሽጋቸው ውስጥ ምሰሶ ስንተክልና ሽቦ ስንጎትት ከረምን። አንድ ትልቅ ሞተር ነበራቸው። ሲጮህ መብራት ይበራል፣ ዝም ሲል ይጠፋል። ካቦው በአስተርጓሚ «ሞተሩ ሲጮህ ሽቦ አትንኩ» ብሎናል። እኛም የምናውቀው እሷኑ ብቻ ነበር። አንድ ዝናባም ቀን ሞተሩ ዝም እንዳለ፣ እርጥብ ሽቦ በቀኝ እጄ ጨብጬ በባዶ እግሬ ጭቃው ላይ ቆሜ ሳለ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ሰው ሞተሩን አስነሣው።

ምን ልበላችሁ! ሽቦውን እኔ አይደለሁም የያዝኩት፣ እሱ ነው የያዘኝ። ልልቀቀው ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ፤ ልጩህ ብል ድምፅ የለኝም። ነበልባል የለ፣ ጭስ የለ። ሥጋ ሲያርር ሸተተኝ፤ የራሴ ነበር። ስነቃ መዳፌ ነጥቶ ደርቋል፤ የግራ ውስጥ እግሬ ላይም ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ሐኪማቸው ራሱን እየነቀነቀ «ኮረንቴ፣ ኮረንቴ» እያለ በጨርቅ ጠቀለለኝ። የማይሠራ ሰው ምን ያደርግላቸዋል፣ ከበር አስወጡኝ።

ቤቴ ስደርስ ትርንጎ እልል አለች። ሞቷል ብላ ቁርጧን አውቃ ነበር። እግሬን አጠበች፣ እጄን ማርና ቅቤ ቀባችልኝ። ጣቶቼ ግን ጠቆሩ፣ እንደ ቋንጣ ደረቁ፣ ሦስቱ በየተራ ረገፉ። አላመመኝም። የሚያስፈራውም ይኸው አለማመሙ ነበር።

በአገራችን ሳያመው ጣቱ የሚረግፍ፣ ውስጥ እግሩ የሚቀደድ ሰው ምን እንደሚባል ሕፃኑም ያውቀዋል። ስሙን ፊት ለፊት የጠራብኝ የለም። ግን በማኅበር ቀን ጽዋው እኔን ዘሎ አለፈ። ጎረቤት እሳት ሊጭር ወደ ቤታችን መምጣት ተወ። ደቦ ብጠራ የመጣልኝ ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ደግሞ የአያቴ እህት ጠበል ወርዳ እንደቀረች አስታወሰችና «ድሮስ አጥንቱ!» ተባለ።

«ሽቦ ነው ያቃጠለኝ» እላለሁ። «እሳት በሽቦ ውስጥ?» ይሉኛል። «ጭስ አለው?» የለውም። «ነበልባልስ?» የለውም። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። እሳት የፈጀውን ሰው ያውቁታል፤ ቆዳው ይላጣል፣ ያቃስታል፣ ይድናል። ከከረመ በኋላ ጣቱ እንደ ቅጠል አይረግፍም።

አማቼ አያ ተገኘ ልጃቸውን ሊወስዱ ሽማግሌ ይዘው መጡ። የነፍስ አባታችንም አብረው ነበሩ። አማቼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር።

«ልጄ፣ ጠልቼህ አይደለም። ይቺ ሕፃን ነገ ማን ያገባታል? የትርንጎ እህቶችስ ምን ይውጣቸው?» አሉኝ።

«አባቴ ይመኑኝ፤ ኮረንቴ ነው የያዘኝ» አልኩ።

«እሱ ደግሞ የየት አገር ጋኔን ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ትርንጎ ልጃችንን አዝላ ምሰሶው ሥር ቆማለች። «እኔ ባሌን አምነዋለሁ። ፈንታሁን ዋሽቶኝ አያውቅም» አለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በአባቷና በሽማግሌ ፊት እንዲህ አትናገርም። ልቤ ሞቀ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ቃል ሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው።

የነፍስ አባታችን አንድ ነገር ወሰኑ። ዓይኔ ተሸፍኖ እጄ በወስፌ ይወጋል። ያ በሽታ የያዘው ሰው አይሰማውም። ከተሰማኝ ንጹሕ ነኝ፣ ትርንጎም ትቀራለች። ካልተሰማኝ ጋብቻው ይፈርሳል፣ ልጄም ከእናቷ ጋር ትሄዳለች። «ደግ ፍርድ ነው» አሉ ሁሉም። ወስፌውን ከስፌቷ መሃል አውጥታ የሰጠቻቸው ትርንጎ ራሷ ናት። እሷ ምንም አልፈራችም፤ ታምነኝ ነበራ!

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። ኮረንቴው የወሰደው ሦስት ጣት ብቻ አልነበረም። የቀረውም እጄ ሞቷል። ፍም ብታስቀምጡበት የማውቀው በዓይኔ ካየሁ ብቻ ነው።

ዓይኔን በነጠላ አሰሩኝ። መጀመሪያ ግራ እጄን ወጉ። «ውይ!» አልኩ። «ደግ» አሉ የነፍስ አባታችን። ቀጥሎ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀኝ እጄን አነሡ፤ ማንሣታቸውን ያወቅሁት ትከሻዬ ሲሳብ ነው።

ጠበቅሁ። ምንም የለም። ወግተውኝ ይሆን? ደጋግመው ወግተውኝ ዝም ብዬ ይሆን? ልጄ አንድ ነገር አለች፣ እናቷ እሽሩሩ አለቻት። አሁን ካልጮህኩ አበቃልኝ አልኩ በሆዴ።

«ውይ! ውይ እጄን!» ብዬ ጮህኩ።

ነጠላውን ራሴ ገፍፌ ጣልኩት። የነፍስ አባታችን ፈንጠር ብለው ቆመው፣ ከግራ እጄ የወጣውን ደም ከወስፌው ላይ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ቀኝ እጄን ገና አልወጉትም ነበር።

ፍርዱን ማንም አልተናገረውም፤ ምን ይናገሩታል? አማቼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትርንጎ ግን ትክ ብላ አየችኝ። «በሽታውንስ እችለው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የቱን ልመንህ?»

እግዜር ያሳያችሁ! የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከዚያች ከአንዲት «ውይ» በቀር። ዝም ብል በሽተኛ ነኝ፣ ብጮህ ውሸታም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ትርንጎና ልጄ ከሄዱ ወዲያ ማን ያቅርበኝ። በሬዎቹን ለወንድሜ ትቼ ደብረ ታቦር ገባሁና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ቦታ የለቀቁልኝ እውነተኞቹ በሽተኞች ናቸው። «ከእኛው ነህ» አሉኝ። እኔም መከራከር ሰልችቶኝ ነበርና አዎ አልኩ።

ጣልያን ተባረረ። ስንትና ስንት ዓመት አልፎ ለከተማችን መብራት ሲገባ ምሰሶ የሚተክል አንድ ጎልማሳ ውኃ ሊለምን፣ ለምኜ ከቀለስኳት ጎጆዬ ደጅ መጣ። በጣሳ ስሰጠው እጄን አየ።

«አባባ፣ ኮረንቲ ይዞዎት ነበር እንዴ?» አለኝ።

እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ! እሱ የራሱን ክንድ ጠባሳ እያሳየኝ ውኃውን ከጣሳዬ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተነፋርቄ አለቀስኩ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ትርንጎ ያን ጊዜ ከሞተች ቆይታለች። ልጄንም ወደ ሩቅ አገር ድረዋታል አሉ፤ አባትሽ ሞቷል ተብላ አድጋ ይሆናል።

አሁን ጎረቤቶቼ ሁሉ ኮረንቲ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ «አይ ያለማወቅ!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ምን ይሠራልኛል? እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። በዚያ ቀን ትርንጎ ደጃፉን ስትወጣ ልጄ ከጀርባዋ ላይ እጇን ሰደደችና የቀኝ እጄን አውራ ጣት ጨበጠች። ያየሁት በዓይኔ ነው። እናቷ ስትራመድ ጣቴ ከመዳፏ ወጣ። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ የነካችኝ እዚያ ላይ ነው፤ አልተሰማኝም።