ከዱባለ አጠገብ የሚተኛው ምስክር

እንደኔ ፊደል በወጉ ያልቆጠረ ሰው ስለ ሌላ ሰው ልጻፍ ሲል ድፍረት ነው፤ ይቅር በሉኝ። የዱባለ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

ዱባለ ከሆሳዕና የመጣ፣ ቡራዩ ሕንፃ ላይ የሚሠራ ግንበኛ ነው። አንድ ቀን የቆሙበት የባሕር ዛፍ እርብራብ ተሰበረና አብሮት የነበረው እዮብ ወድቆ ሞተ። ዱባለ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ቀጭ ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። እርብራብ ላይ ልውጣ ሲል ከመሰላሉ ሥር ይመለሳል፤ ሌሊት እየጮኸ ይባንናል። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው አሉት። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፣ ጨጓራ ነው አሉት። ቸርች መንፈስ ነው ተብሎ ተጸለየለት፤ እሱም በእምነት ይሆናል ብሎ፣ ገና ሳይሻለው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ተፈውሻለሁ» አለ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት ሐኪም ረጋ ብላ ጠየቀችው።

«ያ አደጋ ነው መሰለኝ ያልለቀቀህ» አለችው። «በደም ምርመራ ግን አይታይም። ሌሊት የምትሆነውን የሚያውቅ ሰው ይዘህልኝ ና። እሱ ካረጋገጠልኝ መሬት ላይ ብቻ እንድትሠራ እጽፍልሃለሁ።»

ከማርቆስ ሌላ ማን አለው? ያገሩ ልጅ ነው፣ የጸሎት ጓደኛው ነው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት። ሥራ ላይ ደግሞ ካቦው፣ አለቃው ነው።

ማርቆስ ሐኪሟ ፊት ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

«እሱ? እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው! እሁድ ተፈውሻለሁ ብሎ ሕዝብ ፊት መስክሯል እኮ።»

ሐኪሟ ወደ ዱባለ ዞረች። «እውነት ነው?»

አይደለም ቢል በጌታ ስም ዋሸ ሊባል ነው። አቀረቀረ። «መስክሬያለሁ» አለ።

«እንግዲያው አሁን ልጽፍልህ አልችልም» አለችው።

ታክሲ ተራ ሲደርሱ ዱባለ ቆመ። «ሌሊት ስጮኽ አፌን በእጅህ የምታፍነኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አደጋው ነው ያመመው ከተባለ፣ እርብራቡን ማን አሰረው ይባላላ! እንጀራዬን ልትዘጋ ነው? ባክህ አትልፈስፈስ፣ ነገ ትወጣለህ።»

ዱባለ ማን እንዳሰረው እስከዚያች ሰዓት ጠይቆ አያውቅም ነበር። ታክሲ ውስጥ ከማርቆስ ርቆ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ማርቆስ ደጅ ቆሞ «እንሂዳ!» ሲል ዱባለ አልፎት ወጣ። ሄዶ የአከራያቸውን የእማማ ጠጅቱን በር አንኳኳ።

«እማማ፣ ሌሊት ስጮኽ ይሰማዎታል?»

«በጭቃ ግድግዳ እንዴት አልሰማ! እንቅልፍ ነስተኸኝ የለም እንዴ!»

«ለሐኪም ይነግሩልኛል?»

አሮጊቷ ማርቆስን ገላመጡትና ነጠላቸውን አነሱ። «ኮቱ» አሉት ዱባለን በኦሮምኛ፣ «ና፣ ታክሲው ሳይሞላ እንሂድ።»