የዶርቺ ረጅም ጸሎት

ዶርቺ ስትጸልይ ዓሣው ይበርዳል። በሳፓሩዋ ደሴት፣ በዚያች የባሕር ዳር መንደር፣ ይህን የማያውቅ የለም፤ ባሏ ሄርማኑስማ ከተጋቡ ጀምሮ በቤቱ ትኩስ ምግብ ቀምሶ አያውቅም። ደግሞ ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በየሳምንቱ በየቤቱ በሚደረገው የጸሎት ጉባኤ ዐይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ የአስተማሪው ልጅ ማንን ተከትላ ወደ አምቦን ከተማ እንደሄደች አንተ ታውቃለህ» ትላለች። ጌታስ ያውቅ ነበር፤ መንደሩ ግን ያወቀው ያኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምስኪኑ አስተማሪ ነገሩ የገባው «አሜን» ካለ በኋላ ነው።

የባሏ እህት ላቪና ብቻ የዶርቺን ጸሎት መስማት እርም ብላለች። ቤታቸውን የሚለየው በሳጎ ዘንባባ ዘንግ የተሠራ ስስ ግድግዳ ነው። ሆኖም የላቪና እናት የተቀበሩ ዕለት፣ ዶርቺ የላቪናን የሳጎ ዱቄት ገንፎ ቀምሳ «ይህስ የጀልባ ስንጥቅ ይደፍናል» ካለች ወዲህ ዐይንና ናጫ ናቸው።

አንድ ቀን ሄርማኑስ ለዓሣ እንደወጣ ማዕበል ተነሣ፤ በማግስቱም አልተመለሰም። ዶርቺ ጓዳ ገብታ ከስእለት ሳህኑ ፊት ተንበረከከች። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነጭ ሳህን ነው፤ በዚያ አገር ቤተሰብ ሲጨንቀው ስጦታውን አኑሮ ይጸልይበታል። ነፋሱ ከየት ወዴት መዞር እንዳለበት፣ የጀልባዋ ቀለም ምን እንደሆነ ሳይቀር ለፈጣሪ በዝርዝር አስረዳች። ባሕሩ ግን እንደጮኸ ዋለ።

የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ የሆኑት እናት ማማ ኮባ ሊያጽናኗት መጥተው ጥቂት አዳመጡና አቋረጧት።

«ልጄ፣ የተኳረፈ ሰው ባለበት ቤት ሳህኑ አይሰማም። ይልቅ ሂጂና ከላቪና ታረቂ።»

መሄድማ ሞቷ ነው። ባሏን እንደ ዐይኗ ብሌን ትወደዋለች፤ ያንን ደጃፍ መርገጡ ግን አልዋጥልሽ አላት። ማማ ኮባ ሲወጡ ዘዴ ፈጠረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ጌታ ሆይ፣ ስለዚያ ገንፎ የተናገርኩትን ይቅር በለኝ።»

ከግድግዳው ወዲያ የላቪና ድምፅ መጣ።

«ጌታ ሆይ፣ የሰደበችው የእኔን ገንፎ ነው። ይቅርታው ለምን ላንተ መጣ?»

«ጌታ ሆይ፣ መወፈሩን ግን አንተም አይተሃል።»

«ጌታ ሆይ፣ እናቴን ቀብሬ በመጣሁበት እጅ ነው ያማሰልኩት። ይህንንም ንገራት።»

ዶርቺ ያን ዕለት ላቪና ዕንባዋን እየጠረገች ስታማስል አይታ ነበር፤ እያየች ነው ያፌዘችው። አፈረች። ሳህኑን ከነጨርቁ ታቅፋ ወጣችና የላቪናን በር በእግሯ ገፋች።

«ይቅር በይኝ» አለች። «እኔም እናትሽን እወዳቸው ነበር።»

ላቪና ቀና ብላ አየቻት። «ወንድሜ ነው እኮ» ብቻ አለችና ሳህኑን ተቀብላ አኖረች፤ ጎን ለጎንም ተንበረከኩ። ዶርቺ እንደ ልማዷ «ጌታ ሆይ» ብላ ጀመረች፤ ነፋሱንና ጀልባዋን ግን አላነሣችም። «መልስልን» ብቻ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ላቪና «አሜን» አለች።

ሄርማኑስ ለካ ሞተሩ ተበላሽቶበት ጎረቤት ደሴት ላይ ሲያሠራ ነበር። በነጋታው ዓሣውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ሚስቱንና እህቱን በአንድ ምድጃ ዙሪያ አየ፤ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ» አለች ላቪና። «ግባና ብላ።»

የሳጎ ገንፎው ከነትኩስ የዓሣ ሾርባው ቀረበ። ሄርማኑስ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሩቅ መንገደኛ ተደላድሎ ተቀመጠ። ዶርቺ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን፤ አሜን» አለችና ማንኪያ አነሣች። ላቪናም መብላት ጀመረች። እሱ ግን እንፋሎቱ ፊቱን እያሞቀው፣ ዐይኑን እንደጨፈነ፣ የቀረውን ጸሎት ይጠብቅ ነበር።