ጠጠር የሌለው ስንዴ

ሰሞኑን ቂርቆስ አካባቢ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ስበላ፣ በቀረችኝ ጥርስ ጠጠር ነከስኩ። እንባዬ ዱብ ሲል ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አቀበሉኝ። ጥርሴን አልነበረም፣ ልጄ።

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ፣ እናቴና የክርስትና እናቴ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ግቢው ፈርሶ አስፋልት አልፎበታል፤ በታክሲ ሳልፍ በሩ የት ጋ እንደነበረ ይጠፋኛል። የክርስትና እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አትጠፋም። እናቴ ደግሞ አራስ የምታርስ፣ በሽተኛ የምታጥብ፣ ከምድጃ ሥር የማትነሳ ነበረች።

«አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ፤ እኔ ለሁለታችንም ልሥራ» ትላታለች እናቴ።

«ገነትም ብንገባ አንቺን ማድ ቤት ነው የሚያስገቡሽ!»

በየስቅለቱ እናቴ ጾማቸውን ሲሰግዱ ለሚውሉ ነዳያን ጉልባን ትቀቅል ነበር። ጉልባን ያው እንደ ንፍሮ ስንዴና ባቄላ ነው። አንድ ዓመት የክርስትና እናቴ ታማ ተኛች። በስቅለት ጠዋት እናቴ አጠገቧ ሆና ስንዴ ስትለቅም፣

«ሰፌዱን ወዲህ በይ። ዛሬ እኔ ልልቀም፤ አንቺ ሄደሽ ስገጂልኝ» አለቻት የክርስትና እናቴ።

«እኔ? ጸሎቱን መች አውቄው?»

«ዕድሜሽን ሙሉ ድስት ላይ አጎንብሰሽ፣ ጎንበስ ቀና ማለትን ከማን ልትማሪ ነው? ሂጂ በቃ!»

እናቴ እየሳቀች የእሷን ነጠላ ለብሳ ሄደች። እኔ አልጋው ሥር ቀረሁ። የመስኮቱ ፀሐይ ሰፌዱ ላይ አርፎ፣ ጠጠሩ ጣሳው ውስጥ ቂው ይላል። የክርስትና እናቴ ጣቶቿ ሲለቅሙ ከንፈሯም ይንቀሳቀስ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጣሳው ድምፅ ቆመ። ሰፌዱን እንዳቀፈች ያንቀላፋች መሰለኝ፤ እንዳልቀሰቅሳት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ማምሻውን እናቴ ግንባሯ አፈር ለብሶ፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ በርቶ መጣች። ገና ከበሩ፣ «ሰገድኩልሽ! ጉልበቴ እስኪከዳኝ በስምሽ ሰገድኩ!» አለች።

ቀረብ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ሰገድኩልሽ እኮ» አለቻት፣ ቀስ ብላ።

ለጉልባን የተለቀመው ስንዴ በማግስቱ ለራሷ ለክርስትና እናቴ ለቅሶ ንፍሮ ሆነ። እናቴ እንደ ልማዷ ሳትቀመጥ ለለቀስተኛው ስታድል ዋለች። በመጨረሻ ሴቶቹ ጎትተው አስቀመጧትና እፍኝ ንፍሮ ሰጧት። ዓይኗን ጨፍና፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሁሉ፣ ረጅም ጊዜ አኘከች።

«አንዲት ጠጠር እንኳ አላስቀረችብኝም» አለች።