ሞሮኮ ይሉት የነበረ ወንድሜ

እኔ ኳስ ወድጄ አላውቅም። ጎረምሳ ሁሉ አንዲት ድቡልቡል ነገር ተከትሎ ሲራወጥ ሳይ ዛሬም ያናድደኛል። ወንድሜን ግን ቆሜ አየው ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ነፋሱ አቧራ እያነሣ ዓይን ሲጋርድ፣ እሱ በግራ በኩል ኳስ ይዞ ሲወርድ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ ሳይቀር ይቆም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ገበያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ሱዳን ኖረው ስለ መጡ ዓረብኛ ይሰሙ ነበር። ሬዲዮናቸው ስለ አንድ የሞሮኮ ተጫዋች ባወራ ቁጥር ለወንድሜ ይተረጉሙለታል። ሰውየው በአገሩ ሜዳ አድጎ ፈረንጅ አገር የተሻገረ ነው። መጀመሪያ ብርዱም ጨዋታውም አልሆነለትም፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረመ። ኋላ ግን ያለ እሱ አንጫወትም ተባለ። አገሩ ለዓለም ዋንጫ ስትጠራው ደግሞ መጥቶ ማልያዋን ለበሰ። ወንድሜ ይኼን ወሬ እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። እራት ላይ ሳይቀር ሞሮኮ፣ ሞሮኮ ነው። የሰፈሩ ልጆች በመጨረሻ እሱኑ "ሞሮኮ" አሉት፣ የክርስትና ስሙም ተረሳ።

እናቴ ነገሩ አላማራትም። አንድ ቀን ጨርቅ የምትገዛ መስላ ወደ ሱቁ ሄደች፤ እኔም ተከትያት ነበር።

"ለመሆኑ ያ ሰው እናት አለችው?"

"መቼም ሳትኖረው አትቀርም፣ እሜቴ።"

"ፋሲካን ከሷ ጋር ይውላል?"

ነጋዴው ሳቁ። "እስላም ነው እኮ!"

"እሺ፣ የናንተንስ በዓል?"

"እሱን እንኳ ሬዲዮኑ አልተናገረም" አሏት። ጨርቁን ሳትገዛ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ከጎንደር የመጡ አሠልጣኝ ወንድሜን አይተው መረጡት። ከክፍለ ሀገሩ ከተመረጡ ልጆች ጋር ለኳስ ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል ተባለ። እሱ በደስታ የሚሆነውን ሲያጣ እናቴ ልቅሶ ተቀመጠች። "እዚያ ቢሞትብኝ ማን ይፈታዋል? ማን አፈር ያለብሰዋል?" ትላለች። ፍርሃቷ ይኸው ነበር፤ ልጇ ያለ ካህን፣ ያለ ፍትሐት፣ ሰው አገር ወድቆ እንዳይቀር።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከነፍስ አባታችን እግር ሥር ሄዳ ወደቀች። እሳቸው "ልጄ፣ ግዝት መጫወቻ አይደለም" ቢሏትም አልነሣም አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜን አስጠሩትና መስቀላቸውን ይዘው፣ "አገርህን ለቅቀህ ባሕር እንዳትሻገር በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ" አሉት። መስቀሉን ተሳልሞ ወጣ። በእኛ አገር የነፍስ አባቱን ግዝት የጣሰ ሰው ቢሞት ካህን አይቀርበውም። የቀበሌው ካድሬ፣ "አብዮቱ ግዝት አያውቅም፤ ተነሥና ሂድ!" ብሎ ሲጮኽበት፣ "አብዮቱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ" አለው። መኪናው ወደ ጎንደር በተነሣ ዕለት ከአባቴ ጋር ገብስ ሲያጭድ ዋለ።

እናቴ ልጄ ተረፈልኝ ብላ እልል አለች። በሱ ቦታ የደብረ ታቦር ልጅ ሄደ። ወንድሜ ኳሱን አልተወም፤ ወደ ነጋዴው ሱቅ ግን ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለም። እስካሁን አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው።

በዓመቱ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። እሑድ፣ ጨዋታው መሀል ላይ ሳለ አብዮት ጠባቂዎች ሜዳውን ከበቡና ሁለቱንም ቡድን ከነማልያው ጭነው ወሰዱ። እናቴ ከመኪናው ኋላ ሮጠች፣ ጮኸች፤ ማንን ትለምን? መንግሥትን የሚገዝት ካህን ከየት ይምጣ! ወንድሜ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከርሞ ከርሞ፣ አብሮት የዘመተ የስማዳ ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ሲመለስ መርዶውን አመጣ። ተራራ ላይ እንደ ወደቀና ጦሩ ሲሸሽ ሬሳውን የሚያነሣ እንዳልነበረ ነገረን።

ከመርዶው ቀን ተቆጥሮ አርባው ሲደርስ ሬሳ በሌለበት ፍትሐት ተደረገለት። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰዉ ሲቀመጥ እናቴ ተነሣች። መስቀል ልትሳለም መስሎን ነበር። ነፍስ አባታችን ፊት ተንበርክካ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አባቴ፣ እሱን ፈቱት። እሱ ግን ምን አጠፋ? ቃልዎን አክብሮ ቀረ። ያስገዘትሁት እኔ ነኝ። እኔን ይፍቱኝ" አለች።

መስቀላቸውን አነሡ። "እግዚአብሔር..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። መስቀሉን መልሰው አወረዱት።

"ልጄ፣ የገዘትሁት እኮ እኔ ነኝ። እኔንስ ማን ይፍታኝ?" አሉና ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።