ሃያ የጦርነት ፊልም በአንድ ካርቶን

ልብስ ሰፊዋን ሠፈሩ የሚያውቃት በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ካፖርት ስትሰፋ ትከሻ የማትስት መሆኗ ነው። ሁለተኛው ባሏ ነው።

ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ፣ ጎንበስ ብሎ የቆጣሪውን መስታወት በእጅጌው እየጠረገ ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ይስባል። ሰው ግን «ሻምበል» ነው የሚለው። ሻምበልነቱን የሰጠው ሠፈርተኛው ነው እንጂ ጦር ሠራዊቱ አያውቅለትም። በወጣትነቱ ዘምቶ ነበር፤ ያየውን ሲያወራ ደግሞ አፍ ያስከፍታል። የገባበት ቤት ሁሉ «እስቲ ሻምበል፣ ያቺን የድልድይዋን ነገር» ይሉታል። እሱም አንድ እግሩን ደረጃ ላይ ሰቅሎ ይጀምራል። ምድጃ ላይ የተጣደው እስኪያርር ድረስ ማንም ከበሩ አይነቃነቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወንዙ ነበር። ጓደኛው ሆዱን ተመቶ ወድቋል። ወንዙ ሞልቷል፣ ጠላት ከኋላ እየደረሰ ነው። አዛዡ «ተወውና ተሻገር!» ይላል። እሱ እምቢ ብሎ ጓደኛውን አዝሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃው ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ አንገት ይደርሳል። ማዶ ሲያስቀምጠው ጓደኛው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ «እናቴ ብርድ አትችልም» ይልና ያርፋል። በቃ፣ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ልብስ ሰፊዋ ይህን መጀመሪያ የሰማችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ ሁለት ሰው ይፈልጋት ነበር፤ እሱና አንድ አናጢ። አናጢው የራሱ ሱቅ ያለው፣ ቁጥብ፣ ስታናግረው ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነበር። እናቷም ልባቸው ወደ አናጢው አዘንብሎ ነበር። እሷ ግን፣ «እማዬ፣ ጓደኛውን ወንዝ ላይ ያልጣለ ሰው እኔን የትም አይጥለኝም» ብላ ቁርጧን ተናገረች። 

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ብርድ ሊገባ ሲል፣ «የዚያ ልጅ እናት በሕይወት አሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ትንሽ አሰበና፣ «አሉ» አላት።

«የት?»

«ሩቅ ነው። በአውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ ቀን ይፈጃል።»

ካላት ሱፍ ምርጡን ቆርጣ፣ ወፍራም ገበር አድርጋ፣ ካፖርት ሰፋችላቸው። ልካቸውን አታውቅም። «ከአንቺ ወፈር ይላሉ» አላት፤ በዚያው ገምታ ቆረጠች። ባሏ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማልዶ ወጣና ሲመሽ ተመለሰ።

«ምን አሉ?»

«አለቀሱ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ካፖርት ይሰፋል። «ሴትዮዋ ይሄን ሁሉ ካፖርት ምን ያደርጉታል?» የሚሏት ደንበኞች ነበሩ። «ያልለበሱትን ለጎረቤት ይስጡት። ልጃቸው እንዳልተረሳ ግን በየዓመቱ ይወቁ» ትላቸዋለች። አብሬህ ልሂድና ልሳማቸው ያለችው ጊዜም ብዙ ነው፤ አንድ ዓመት መንገዱ ይበላሻል፣ ሌላ ዓመት ሴትዮዋ እንግዳ ያፍራሉ ይባላል። ሃያ ስድስት ካፖርት ሰፍታ ላከች። በሃያ ሰባተኛው ዓመት ባሏ ጥቅሉን እንደያዘ ተመለሰና፣ «አርፈዋል» አላት። ልብስ ሰፊዋ ፊታቸውን አይታ ለማታውቃቸው ሴት ጥቁር ለብሳ ከረመች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። ባሏ ጡረታ በወጣበት ሳምንት ምን እንደምትሰጠው ስታስብ፣ ገበያ ውስጥ አንድ ካርቶን አየች። ላዩ ላይ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች አሉበት፤ «ሃያ ዝነኛ የጦርነት ፊልሞች በአንድ ፊልም ዋጋ» ይላል።

«ምነው ይሄን ያህል ረከሰ?» አለችው ሻጩን።

«አሮጌ ናቸዋ፣ እናቴ! ሰው አዲስ አዲሱን ነው የሚፈልገው። እንደነዚህ ያለ ግን ዛሬ አይሠራም። የማይሠራ ካገኙ ይመልሱ፣ እቀይራለሁ።»

ደስ ብሏት ይዛ ገባች። ባሏ ወረቀቱን ሲቀድ ፈገግ ብሎ ነበር። ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ገልብጦ ጀርባውን ረዘም ላለ ጊዜ አነበበ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ። አትወድም እንዴ?»

«እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር አይገዛም። ቆራርጠው ነው የሚሸጡት። ምስሉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። ማጫወቻውንም ያበላሽብሻል፤ እንዳትሞክሪው» አላትና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረው።

የሰጡትን የሚለብስ፣ ያቀረቡለትን የሚበላ ሰው ነበርና ነገሩ ከነከናት። መጀመሪያ ራሷን ወቀሰች። «ምን ዓይነት ቂል ነኝ! ሰው የቆሰለበትን ነገር በስጦታ ይሰጠዋል?» አለች። ኋላ ደግሞ ሻጩ እቀይራለሁ ማለቱ ትዝ አላትና፣ አንድ በአንድ አይቼ የተበላሸውን ልመልስ፣ ደህናውን ለሚፈልግ ልስጥ ብላ ወሰነች። ባሏ ከምሳ በኋላ ከጡረተኞቹ ጋር ዳማ ሊጫወት ይወጣል። እሷም ቴሌቪዥኑን ወደ ስፌት መኪናዋ አዙራ ጀመረች።

ባሏ ስለ ርካሹ ዕቃ የተናገረው ውሸት አልነበረም። በመጀመሪያው ሲዲ ላይ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ይጮሃል። ሁለተኛው ግን ጥርት ያለ፣ ሥራ የሚያስፈታ ፊልም ሆነ። ሦስተኛው ሽፋኑ ቢለይም ያው ሁለተኛው ነው። አራተኛው መጨረሻው ተቆርጦ ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ ቀረ። ደህናውን በቀኝ፣ የሚመለሰውን በግራ ስትከምር፣ ይህን ዋጋ አውጥቼ ብዙም አልተሞኘሁም እያለች ነበር።

ስድስተኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ዓይኗን ለፊልሙ፣ እጇን ለቁልፍ ቀዳዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ወንዝ መጣ። የሞላ ወንዝ። አንድ ወታደር ሆዱን ይዞ ወደቀ። አዛዡ በእጁ እያመለከተ ጮኸ፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ «ተወውና ተሻገር!» አለ። መርፌዋ ቆመ። ወታደሩ ጓደኛውን አዘለ። ውሃው ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ አንገት ወጣ። ማዶ ላይ የተጋደመው ልጅ ዓይኑን ገለጠ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ፊደሉ የተዛባ፣ እዚህም እዚያም የጎደለው ነበር፤ ይህኛው ግን ሳይጎድል ወጣ፦ «እናቴ ብርድ አትችልም።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። መልሳ አየችው። እንደገና መልሳ አየችው። ምናልባት ፊልም ሠሪዎቹ ከወታደር አፍ ሰምተው ይሆናል ብላ ሽፋኑን አነሳች። ፊልሙ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል። ባሏ በዚያ ዓመት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፋችው የለም። በዚያው ሳምንት የቀሩትን ሁሉ አየች። ባሏ ሲያወራው የኖረው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ድልድዩ በዘጠነኛው ተገኘ። ባለቤቱን ጥሎ ብቻውን የተመለሰው ፈረስ በአሥራ አንደኛው፣ አንዲት ሲጋራ ለሰባት የተካፈሉት ሰዎች በአሥራ ስድስተኛው። እግሩን የመታው ፍንጣሪ ሳይቀር፣ ያውም በግራ እግር፣ አሥራ ስምንተኛው ላይ ነበር። ባሏ የጨመረው ነገር ቢኖር ራሱን ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ባየች በማግስቱ፣ ምሳ ላይ፣ «እስቲ የወንዙን ነገር ንገረኝ» አለችው።

«ዛሬ ምን ትዝ አለሽ?»

«ናፈቀኝ።»

ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ጓደኛው ዓይኑን ገለጥ አደረገ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀደመችው።

«ከዚያ በግራ በኩል አንዲት ወፍ ትነሳለች። ከዚያ ሙዚቃው ይገባል።»

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው የሚለው ነገር አለው፤ እሱ ግን ዳቦውን መቆራረስ ጀመረ።

«ዘምተሃል አልዘመትህም?»

«ዘምቻለሁ።»

«ምን ነበርክ?»

«ጫማ አዳይ» አለ ቀስ ብሎ። «ከጦሩ ጀርባ የጫማ መጋዘን ውስጥ። ሁለት ዓመት። እግሬም መደርደሪያ ወድቆበት ነው። እሑድ እሑድ የመጋዘኑን ግድግዳ ነጭ ቀብተው ፊልም ያሳዩን ነበር።»

«እናትየውስ?»

ፍርፋሪውን በጣቱ መሰብሰብ ጀመረ።

«አንተ ሰው፣ እናትየውስ? ሃያ ስድስት ካፖርት ማን ለበሰው?»

«ያኔ "በሕይወት አሉ?" ስትዪኝ የለም ማለት ነበረብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ። በአውቶቡስ እወጣና እዚያ ማዶ የነበረው ሲኒማ ቤት እገባለሁ። ሦስቱንም ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ አያለሁ። ካፖርቱን ትኬት ለምትሸጠው ሴትዮ እሰጣታለሁ።»

«ሞቱ ያልከኝስ?»

«ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳትጮህ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ጥቁር ለብሳ የከረመችው ለተዘጋ ሲኒማ ቤት መሆኑን እያሰበች አጥባ ጨረሰች።

በማግስቱ ጠዋት ራሷ በአውቶቡሱ ሄደች። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሲኒማ ቤቱ የፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ትኬት ትሸጥ የነበረችውን ሴትዮ ስትጠይቀው የፍራሽ ነጋዴው ከጀርባ ያለ አንድ በር አሳያት፤ ስታንኳኳ ቀጭን ባልቴት ከፈቱላት። ከላይ የደረቡት ግራጫ ካፖርት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከፊታቸው በፊት የኮሌታውን ስፌት አወቀችው።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ። ካፖርቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ባልቴቷ እልል ማለት ነው የቀራቸው። ጎትተው አስገቧት፣ ወንበር ጠረጉላት። «ያ ደግ ሰው ደህና ነው? በየዓመቱ ለእናቱ ካፖርት ትሰፊ ነበር፤ እናቱ ከሞቱም በኋላ እጅሽ አልተው እያለሽ ትሰፊያለሽ ብሎኛል። እሱም "ባለቤቴን ቅር እንዳይላት" እያለ ለእኔ ያመጣልኛል። ሦስቱን ለብሻለሁ፤ የቀረውን እህቶቼም የእህቶቼ ልጆችም ሞቀውበታል። አንቺን እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ!»

ለእሳቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነግሯቸዋል ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ካፖርቱ ከባልቴቷ ትከሻ ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ አየችና፣ «ሰፍቶዎታል። ወፍራም ናቸው ተብዬ ነው» ብቻ አለች። ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ልካቸውን ወሰደችና ተሰናብታ ወጣች።

ለማን ልንገር ስትል ያለቻት አንዲት ልጇ ናት። ልጅቷ አግብታ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ትኖራለች። ቤቷ ገብታ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከወንዙ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ አልደነገጠችም። ካርቶኑን እንኳ አልነካችውም።

«እማዬ...» አለችና አቋረጠች።

እናት ገባት። «ታውቂ ነበር?»

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የወንዙን ፊልም ጓደኛዬ ቤት ነው ያየሁት።»

«አባትሽ ያውቃል ማወቅሽን?»

«ነገርኩት። አለቀሰ። "እናትሽ ትሰበራለች" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ካፖርቱን ስትቆርጪ እኔ እኮ አላይም ነበር፣ ወደ ጓዳ ነበር የምገባው።»

ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ ያለቀሰችው። እስካሁን ያታለላት ባሏ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑባት። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ እያዩዋት ስትቆርጥ፣ ስትጠቀልል፣ ጥቁር ስትለብስ! «የማያውቀኝ ሰው ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ልጅቷ እግሯ ላይ ወደቀች። እናት አነሳቻት፤ ጉንጯን ግን አልሳመቻትም።

ትዳሯን አላፈረሰችም። ሁለት ወር እህቷ ቤት ከረመች፤ ከዚያ ደንበኞቿን በሩ እየተዘጋ አስቸገራቸው ሲባል ተመለሰች። አልጋዋን ግን ስፌት መኪናዋ ያለችበት ክፍል አድርጋለች። ለሠፈር የተናገረችው ነገር የለም፤ አሁንም «ሻምበል» ይሉታል። እሱ ግን ያቺን የድልድይዋን ነገር ሲሉት፣ «አረጀሁ፣ ረሳሁት» እያለ ያልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳማውን ትቶ በሯ ላይ ቆመ። ልግባ አላለም። ወለሉን እያየ፣ «ጫማ ስሰጣቸው ቁጥሬ ይሄ ነው፣ ያ ነው እያሉ ይከራከሩኝ ነበር» አለ። «ወር ሳይሞላ ጫማው በጆንያ ይመለስልኛል። እኔ ነኝ የማጥበው። ማሰሪያው እንደታሰረ የሚመጣ አለ። ለማን እንደሰጠሁት የማስታውሰው አለ።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች።

«ይሄን ያኔ ብትነግረኝ አላገባህም ነበር?»

«ጫማ አዳይ ማን ያገባል?» አለ።

«እኔን አልጠየቅኸኝማ» አለችው። «ለእኔ የሚገባኝን አንተ መረጥክልኝ። ልጄንም ዋሾ አደረግህብኝ።»

 አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ውጣ አላለችውም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የባልቴቷን ካፖርት አዙራ የሌላኛውን እጅጌ ቅምቅማት ጀመረች፤ እሱም ስለ ጆንያዎቹ የቀረውን፣ አንዳንዴ እየቆመ፣ ለጀርባዋ ነገራት።