ከቅባቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ወጥታ አገኘኋት። ለዓመታት ጠፍታ ስለነበር የረሳችኝ መስሎኝ ነበር። የድሮውን ቅባት ከፋርማሲ አምጥቼ፣ ሚኒያፖሊስ አቅራቢያ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ባለው ቤታችን መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ተቀባሁ። ልጄ ከሳሎን "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። አልመለስኩላትም። ይህ ቅባት እስኪይዝ ድረስ ዝም ማለትን ከድሮ ጀምሮ ለምጄዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሚኒያፖሊስ ያየኝ ሐኪም ቤሼት ይባላል አለኝ፤ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ የሚነሳበት፣ እየሄደ የሚመለስ ሕመም። ጉልበቴ ያብጣል፣ ዓይኔ ይቀላል፤ ከሁሉ የከፋው ግን አፌ ነበር። በርበሬ ለለመደች የደሴ ልጅ የአፍ ቁስል ምን እንደሆነ መገመት ነው። ሐኪሙ በትንሽ ቱቦ የሚመጣ ወፍራም ቅባት አዘዘልኝ። በጥጥ ማስነካት እንጂ ማሸት የለም፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ምግብም ውሃም የለም። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ነግሮኛል፤ ይህን ግን ለስንቱ ላስረዳ? ደበቅኩት፤ ከእጮኛዬ ከጀማልም ጭምር።

ከጀማል ጋር ለመጋባት የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቱ እኔን ማየት። እማማ ፋጡማ ከኮምቦልቻ መጥተው እዚያው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሪችፊልድ ከእሱ ጋር ይኖሩ ነበር። "እማ ካልወደደችሽ እኔ መሃል ላይ መቆም አልችልም" ብሎኛል። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ሳቁን አላመንኩትም።

በክረምቱ በረዶ መሃል አንድ እሁድ ለምሳ ተጠራሁ። አፌ ውስጥ ሦስት ቁስል ነበር። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ እስክደርስ ይደርቃል ብዬ ልወጣ ስል ተቀባሁ። በሩን ስከፍት ጀማል መኪናውን አስነስቶ ቆሟል።

"በዚህ ብርድ ባስ አትጠብቂም፤ እኔ ድራይቭ አደርግሻለሁ" አለኝ።

ደግነቱ ጉድ ሠራኝ። በአሥር ደቂቃ ደረስን፤ ትሪው ቀርቦ ይጠብቀን ነበር። እማማ ፋጡማ ስመውኝ ሳያበቁ እጃቸውን ታጠቡና ከዶሮ ወጡ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጥቂት ጠብቀው ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መለሱት።

"ጠግባ ይሆናል እማ" አለ ጀማል።

"ሆዷ አይደለም። እጄን ነው የጠላችው" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጉርሻውን ተቀብዬ ልቃጠል ብዬም አስቤያለሁ። ግን ያን ቀን ብደብቅ ዕድሜ ልኬን ስደብቅ ልኖር ነው። ቱቦውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ከንፈሬን ገልብጬ አሳየኋቸው። እንባዬ አመለጠኝ።

እማማ ፋጡማ በግራ እጃቸው አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። "ያ ረቢ! ይህን ይዘሽ ነው የመጣሽው?" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንብብልኝ፣ ምን ይላል?"

"ከተቀቡት በኋላ ግማሽ ሰዓት አይበላም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ምሳው ይጠብቃታል።"

ትሪውን ከደኑት። ሦስታችንም የተከደነ ምግብ ፊት ተቀምጠን ሰዓት ጠበቅን፤ የጀማል ሆድ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተነስተው በእርጎ የራሰ አልጫ ፍትፍት አመጡ፤ ጉርሻውን እፍ እፍ ብለው አበረዱልኝ። ያንን ተቀበልኩ።

ከተጋባን በኋላ አብረን ስንኖር ቁስሉ በተመለሰ ቁጥር ቱቦውን ከእጄ ይወስዱ ነበር። መጀመሪያ ቀን አሽተውት ከወንበሬ አስነሱኝ። "ፀጉሬን ቅቤ እየቀቡኝ ነው እንዴ?" ስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ማስነካቱን ለመዱ። ግማሽ ሰዓቷንም የራሳቸው አደረጓት። መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስለ ቦርከና ወንዝ ሙላት፣ ስለ ሟች ባላቸው፣ ስለ ጀማል የልጅነት ገበና ያወሩልኛል። እንደ እኔ ያለ ጥሩ አዳማጭ አይተው እንደማያውቁ ለጎረቤት ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሌላ ምርጫ የነበረኝ ይመስል።

አንድ ቀን ጥጡን እያስቀመጡ "ያን እሁድ የተናገርኩትን ይቅር ብለሽኛል?" አሉኝ። አፌ ተቀብቷልና አዎ ለማለት ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ሲደርቅ በቃሌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ እንግዳ መጣ፣ ረሳሁት። እሳቸውም ዳግመኛ አላነሱትም። ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው፤ አሁን የምውጠው ኪኒን ሕመሙን ስለያዘልኝ ከዚያ ወዲህ እስካለፈው እሁድ ድረስ ቅባቱ አላስፈለገኝም ነበር።

ተቀብቼ ስጨርስ ወንበራቸው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ናፈቁኝ። ድሮ ያጥር የነበረው ግማሽ ሰዓት አልገፋ አለኝ፤ ስለ ወንዙም ስለ ጀማል ልጅነትም የሚያወራልኝ የለም። ሰዓቱ ሲሞላ ለባዶው ወንበር "ይቅር ብያለሁ። ያን እሁድ ትሪውን ሲከድኑልኝ ነው የወደድኩዎት" አልኩ።

ልጄ ብቅ ብላ "ማም፣ ከማን ጋር ነው ቶክ የምታደርጊው?" አለችኝ።

"አያትሽ ጠይቀውኝ ነበር" አልኳት። "ዘገየሁባቸው።"