ወንድሟ አንብቦ የቀዳላት

ትናንት ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ያለ አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ሲነካካ ጽሑፍ የሚያነብለት ያ ፈጣን የማሽን ድምፅ ተሰማኝ። ፊደሉንም ቁጥሩንም አንድ ባንድ ያንጣጣዋል። የእኔ ተራ ተጠርቶ አልፏል፤ አልሰማሁም። ልቤ ደብረ ታቦር ሄዶ፣ እዚያ የኮምፒውተር ክፍል፣ እዚያ የጋለ አቧራ ሽታ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ጓደኛዬ የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ዶርም ውስጥ ከታችኛው አልጋ እሷ፣ ከላይኛው እኔ ነበርን። ከሰዓት በኋላ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሳይጠና፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ፀሐይ እየሞቅን መጽሐፍ አነብላታለሁ። እሷ ድምፄን በስልኳ ቀድታ ኋላ ደጋግማ ትሰማዋለች። አንዳንዴ በመሐል ታቆመኝና "ተመለሺ፤ እዚያ ጋ አንድ መስመር ዘለሻል" ትለኛለች። አይቼ ስመለስ፣ እውነትም ዘልያለሁ።

ከእኔ በፊት የሚያነብላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቀረ። "እኔ ያልገባሁበት አንቺ ትገቢያለሽ" ብሎ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍቷን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ቀዳላት። እሷ ዩኒቨርሲቲ በገባች በወሩ እሱ በመተማ አድርጎ አገር ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

የእሱም ንባብ፣ የእኔም ንባብ፣ ሁሉም ያለው ስልኳ ውስጥ በምትገባ አንዲት ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ላይ ነበር። ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያቺ ሚሞሪ አልከፈት አለች።

ይዘናት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሄድን። ደግ ሰው ነበር። በማውሱ ወዲያ ወዲህ ቢል፣ ቅጂው ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ አልቆላታል፣ እህቶቼ። በተነበበች ቁጥር እየባሰባት ነው የምትሄደው። የግድ የሚያስፈልጋችሁን ለዩና እሱን አስቀድሙ።"

ጓደኛዬ "ማውሱን ተወውና ያን በጽሑፍ የሚታዘዘውን ክፈትልኝ" አለችው።

ጥቁር መስኮት ተከፈተ፤ ጽሑፍ ብቻ እንጂ ሥዕልም፣ የሚጫን ምልክትም የለበትም። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በተሰጠ አጭር ሥልጠና ላይ ነበር የለመደችው። ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። ማሽኑ የጻፈችውን መልሶ ያነብላታል። ወደ እኔ ዞራ "እዚህ ጽሑፍ ብቻ ባለበት ቤት ከእናንተ እኩል ነኝ" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

የጻፈችው የተበላሸውን እየዘለለ ደህናውን የሚቀዳ ትእዛዝ ነበር። ማስጀመሪያውን ቁልፍ ልትጫን ስትል እጇን ያዝኳት።

"የማንን እናስቀድም? የወንድምሽን ነው ወይስ የፈተናውን?"

"የፈተናውን።"

"እኔኮ እንደገና ላነብልሽ እችላለሁ።"

"ያን ሁሉ በሁለት ሳምንት? አትችይም። እሱስ ያነበበልኝ እንድማር አይደል?" አለችና ቁልፉን ተጫነች።

አራት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያ ዋልን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማሽኑ ድምፅ አይሰማትም፤ ያን ጊዜ እኔ ማያው ላይ ያለውን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሚሞሪዋ የምትሰካበትን ዕቃ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ሲግል ነቅላ መስኮቱ ደፍ ላይ ታሳርፈዋለች። አንድ ጊዜ ደከማት ብዬ እኔ ጻፍኩላት። ልጫን ስል "ቆይ! ከየት ወዴት እንደሆነ አንብቢው" አለችኝ። ሳነበው ገልብጬው ኖሯል። ባዶውን በሙሉው ላይ ልገለብጥ ነበር። አልተቆጣችኝም። "በይ ደምስሺውና እንደገና ጻፊው" አለች፣ እንደ አስተማሪ።

የፈተናው ንባብ ሙሉ በሙሉ ወጣ። እሷ የምታዳምጥባት ትንሽ ማጫወቻ ግን የስልኩን ዓይነት ፋይል አታጫውትም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ኤምፒስሪ ቀየረችው። አንዱን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ተወች፤ አንዱን በፍላሽ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

የእሱ ንባብ ያለበት ፎልደር እንቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት። ኃላፊው መጥቶ "ይብቃሽ፣ እህቴ" አላት። "አንተ ሥራህን ሥራ" አለችው። በመጨረሻው ቀን፣ ሚሞሪዋ ጭራሽ ከመጥፋቷ በፊት፣ አንድ ፋይል ብቻ ወጣ፤ እሱም ጎዶሎ። ቀይራ ከፈተችው። ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ወጣት ጉሮሮውን ጠረገና እንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረ።

አላለቀሰችም። "ስንት ደቂቃ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አሥራ አንድ።"

"ደህና" አለች። ከዚያ ላልወጡት ፋይሎች ያንኑ ትእዛዝ መልሳ ጻፈች። ማሽኑ ሚሞሪ የለም አላት። ደግማ ጻፈች። እንደገናም ጻፈች። እጇን ከቁልፉ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ፈተናውን አለፈች። ዛሬ ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ መምህርት ናት።

የተመረቅን ቀን እናቷ ነጭ ለብሰው ከአንበሳሜ መጡ። ግርግሩ ጋብ ሲል ጓደኛዬ ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸውና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ ሰሙት። አንዲት ቃል እንግሊዝኛ አያውቁም።

"ምንድን ነው የሚለው፣ ልጄ?"

"ጂኦግራፊ ነው፣ እማ። ወንዝ የደጋውን አፈር እንዴት ጠርጎ እንደሚወስድ ነው የሚያነበው።"

"እውነቱን ነው። የትስ ያደርሰዋል?"

"ቅጂው እሱ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል" አለች ጓደኛዬ።

እናቷ ማዳመጫውን አላወለቁም። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሰደድ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"በይ የእኔ ዓለም፣ ከመጀመሪያው አድርጊልኝ" አሉኝ።